ጨረቃን በብዙ ብርሃን፤ የጨረቃን ገጽ በፎቶግራፍ የመመዝገብ ታሪክ

በ1866 መገባደጃ ላይ የአቴና የክዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ዲሬክተር የነበረው ጀርመናዊው ዩልዩስ ሽሚት በዘመኑ የነበሩትን የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሁሉ ያነጋገረ አንድ ወሬ አሰማ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው፣ ማሬ ሴሬኒታቲስ በተባለው የጨረቃ ሜዳ ላይ የሚገኘውና ሊኔ በሚል ስም የሚታወቀው ክብ ጉድጓድ ጠፍቶ በስፍራው ደብዛዛ ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል የሚል ነበር። ሽሚት ተራ ተመልካች አልነበረም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጨረቃን ሲመለከትና ሲሥል የኖረ፣ በኋላም በ1878 ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ታላቅ የጨረቃ ካርታ ያሳተመ ሰው ነበር። ከእርሱ በፊት ሎርማንና ሜድለር የተባሉት ካርታ ሠሪዎች በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ሊኔን 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥልቅ ጉድጓድ አድርገው መዝግበውት ስለ ነበር፣ የሽሚት ቃል እውነት ከሆነ ጨረቃ ለውጥ የማይታይባት ዓለም ናት የሚለው የቆየ እምነት መናጋቱ የማይቀር ነበር።

ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። በየአገሩ ያሉ ተመልካቾች ቴሌስኮፖቻቸውን ወደ ሊኔ አዞሩ፤ አንዱ ጉድጓድ አየሁ ሲል ሌላው ጉብታ፣ ሌላውም ነጭ ደመና መሰል ነገር አየሁ አለ። ጥርት ያለው መልስ የተገኘው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1971 አፖሎ 15 በጨረቃ ምህዋር ላይ ሆኖ ስፍራውን በቅርብ ፎቶግራፍ ባነሣ ጊዜ ነው። ሊኔ ዛሬም በቦታው አለ። ስፋቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ጉድጓድ ሲሆን፣ ዙሪያውን ሲፈጠር በተበተነ ነጭ ፍርስራሽ ተከቧል። ፀሐይ ከፍ ስትል ነጩ ፍርስራሽ አብረቅርቆ ጉድጓዱን ይውጠዋል፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ጥላው ብቅ ይላል። በ1866 በጨረቃ ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለያየው ተመልካቾቹ የነበሩበት ሰዓትና የመሣሪያዎቻቸው አቅም ነበር።

የሊኔ ታሪክ የጨረቃን ገጽ በሥዕልና በፎቶግራፍ የመመዝገብ ጥረት ሁሉ የገጠመውን አንድ ችግር ያመለክታል። አንድ ፎቶግራፍ የአንድ ሰዓት ምስክር ነው። ያ ሰዓት ያሳየውን በታማኝነት ይመዘግባል፤ ያ ሰዓት የሸሸገውን ግን ሊናገር አይችልም። በአንድ ምስክር ቃል ፍርድ እንደማይጸና ሁሉ፣ የጨረቃም ቅርጽ የታወቀው የጠዋቱን፣ የቀትሩንና የማታውን ምስክርነት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማመዛዘን ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጥላ እንደ መለኪያ

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ፀሐይ በጨረቃ ላይ እንዴት እንደምትወጣና እንደምትጠልቅ መገንዘብ ያስፈልጋል። የጨረቃ አንድ ቀንና ሌሊት በምድር አቆጣጠር 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ በጨረቃ ወገብ ላይ ፀሐይ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ፣ በምድር አንድ ሙሉ ቀንም 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። ብርሃንን ከጨለማ የሚለየው ድንበር በወገቡ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በብስክሌት የሚሄድ ሰው ሊከተለው የሚችለው ፍጥነት ነው።

በዚህ ድንበር አጠገብ ጥላ እጅግ ይረዝማል። ፀሐይ ከአድማስ 5 ዲግሪ ከፍ ባለች ጊዜ 100 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ ቋጥኝ ከ1,100 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። ፀሐይ 1 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላው 5.7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ 45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ግን ከቋጥኙ ቁመት አይበልጥም። የምድር አየር ስለሚናወጥ፣ ከምድር የተነሣ ተራ ፎቶግራፍ በጨረቃ ላይ ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ ነገር 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለሆነም ቋጥኙ ራሱ ፈጽሞ አይታይም፤ ጥላው ግን በትክክለኛው ሰዓት ይታያል። ተዳፋታቸው ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሆነ ዝቅተኛ ጉብታዎች ደግሞ የሚታዩት ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት አካባቢ ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሜዳው ጋር ተመሳስለው ይጠፋሉ።

ይህ ጥበብ አዲስ አልነበረም። ጋሊሌዎ በ1610 ባሳተመው ጽሑፍ የጨረቃን ተራሮች ቁመት ለመገመት የሞከረው፣ በጨለማው ክፍል ውስጥ ቀድመው የሚበሩትን የተራራ ጫፎች ከብርሃኑ ድንበር ያላቸውን ርቀት በመመልከት ነበር።

ይሁንና ዝቅ ያለች ፀሐይ ሁሉን አትገልጥም። ራይነር ጋማ የተባለው፣ በምዕራባዊው ታላቅ ሜዳ ላይ የሚታየው ነጭ ጥምዝምዝ ምልክት ከፍታም ዝቅታም የለውም፤ ከአካባቢው የሚለየው በቀለሙ ንጣት ብቻ ነው። በስፍራው መግነጢሳዊ መስክ መኖሩ የታወቀው በጠፈር ዘመን ነው። እንዲህ ያለውን ምልክት አጉልታ የምታሳየው ከፍ ያለች ፀሐይ ናት። ቀጥተኛው ግንብ የተባለው ስፍራ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። 110 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ የመሬት ስንጥቅ ጠርዝ፣ ጨረቃ ግማሽ ከሆነች በኋላ ባለው ቀን በጠዋት ፀሐይ ጥላውን ጥሎ እንደ ጥቁር መስመር ይታያል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፀሐይ በሌላው ወገን ስትሆን ያው ጠርዝ እንደ ነጭ ክር ያበራል። በቀትር ግን እምብዛም አይታይም። የጥላው ጥቁረት የብዙዎችን ዓይን አታሎ እንደ ገደል አስቆጥሮታል፤ ልኬቱ እንዳረጋገጠው ግን ወደ ታች የሚወርድ ተዳፋት እንጂ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም።

ከብር ሰሌዳ እስከ ጃማይካ

ጨረቃ በፎቶግራፍ መነሣት የጀመረችው ፎቶግራፍ ራሱ ይፋ በሆነ በዓመቱ ነው። በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር በኒው ዮርክ ከተማ የጨረቃን ምስል በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ አስቀረ። በ1851 የሃርቫርዱ ዊልያም ቦንድና ፎቶግራፍ አንሺው ጆን ዊፕል 38 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቴሌስኮፕ ያነሡት ምስል በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ ሕዝብን አስደነቀ። በእንግሊዝ ዋረን ዴ ላ ሩ፣ በአሜሪካ ሉዊስ ራዘርፈርድ ሥራውን አሻሻሉት።

ቢሆንም እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የሠለጠነ ዓይንና እርሳስ ከፎቶግራፍ ይበልጡ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓይን አየሩ ለቅጽበት ጸጥ ሲል የታየውን ይይዛል፤ የመስተዋቱ ሰሌዳ ግን ብርሃን የሚቀበለው ቀስ ብሎ ስለ ነበር የአየሩን መናወጥ ሁሉ ደራርቦ ይመዘግባል። ከዚህም በላይ በብርሃኑ ድንበር ላይ ያለው ገጽ ደብዛዛ፣ በሌላው ጠርዝ ያለው ደግሞ እጅግ ብሩህ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ለሁለቱም የሚስማማ የብርሃን መጠን አይገኝም። ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር በ1874 በእንግሊዝ አገር የታተመው የጄምስ ናስሚዝና የጄምስ ካርፔንተር መጽሐፍ ያሳያል። ሁለቱ ሰዎች በቴሌስኮፕ ያዩትን ተራራና ጉድጓድ በጄሶ ቀርጸው፣ ቅርጹን በአግድም የፀሐይ ብርሃን ላይ አድርገው ፎቶግራፍ አነሡ። ምስሎቹ ውብ ነበሩ፤ ነገር ግን ተራሮቹ ከእውነተኛው ይልቅ ሾጣጣና ቀጥ ያሉ ሆነው ወጡ። የጠዋቱ ረጅም ጥላ በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ገብቶ በጄሶው ላይ ተቀረጸ ማለት ይቻላል።

በ1890ዎቹ በፓሪስ ሞሪስ ሎዊና ፒየር ፒዊዞ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 18 ሜትር የትኩረት ርቀት ባለው ቴሌስኮፕ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የጨረቃ ፎቶግራፎች አነሡ። ከእነዚህም ውስጥ ምርጦቹ ከ1896 እስከ 1910 በትልቅ አትላስ ወጡ። ሥራው ለብዙ ዓመታት ተወዳዳሪ አልነበረውም። ሆኖም የአትላሱ ዓላማ ምርጥ ምስሎችን ማቅረብ እንጂ እያንዳንዱን ስፍራ በየሰዓቱ ብርሃን እያስተያየ ማሳየት አልነበረም።

ይህን አሳብ የሥራው መሠረት ያደረገው አሜሪካዊው ዊልያም ፒከሪንግ ነው። ፒከሪንግ ጸጥ ያለ አየር ፍለጋ ወደ ጃማይካ ደሴት ሄደ። የቴሌስኮፑ ሌንስ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የትኩረት ርቀቱ ግን 41 ሜትር ይደርስ ስለ ነበር፣ በሰሌዳው ላይ የሚያርፈው የጨረቃ ምስል ያለ ማጉሊያ 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበረው። በ1903 የታተመው አትላሱ የሚታየውን የጨረቃ ገጽ በ16 ክፍል ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ክፍል በ5 የተለያዩ የፀሐይ ከፍታዎች አቀረበ፤ በጠቅላላው 80 ምስሎች ማለት ነው። የምስሎቹ ጥራት ከፓሪሱ ያንስ ነበር። ይሁን እንጂ አንባቢው አንዱን ስፍራ ከንጋት እስከ ምሽት ተከታትሎ ጉድጓዱ በጥላ ሲሞላ፣ ጥላው ሲያጥር፣ ነጭ ጨረሮች ሲደምቁና መልሰው ሲደበዝዙ የሚያይበት የመጀመሪያው ሙሉ አትላስ እርሱ ሆነ።

የሚያሳዝነው ይኸው ሰው ያገኘውን ትምህርት በራሱ ላይ ለመፈጸም ያለመቻሉ ነው። ፒከሪንግ ከጊዜ በኋላ ኤራቶስቴኔስ የተባለውን ጉድጓድ ለዓመታት ሲመለከት በውስጡ ያሉ ጥቁር ምልክቶች ከፀሐይ ከፍታ ጋር ቅርጻቸውንና ቦታቸውን እንደሚለውጡ አየ። ለውጡንም በመጀመሪያ ለዕፅዋት፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ለነፍሳት መንጋ ጉዞ ሰጠው። ምልክቶቹ ግን በየቦታቸው ነበሩ፤ ይለዋወጥ የነበረው ብርሃኑ ያረፈባቸው ማዕዘን ነው። በአምስት ብርሃን ማየትን ለሌሎች ያስተማረ ሰው እንኳ ብርሃንን ከነገሩ ለይቶ ማየት እንደ ተሳነው ሲታሰብ፣ ችግሩ የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የአተረጓጐምም መሆኑ ይታወቃል።

ያልነበረ ድልድይና ያልነበሩ ተራሮች

በ1953 የኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ የሳይንስ አዘጋጅ ጆን ኦኒል በትንሽ ቴሌስኮፕ ማሬ ክሪሲየም በተባለው ሜዳ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ከስሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ታላቅ የተፈጥሮ ድልድይ አየሁ አለ። ታዋቂው ብሪታንያዊ የጨረቃ ካርታ ሠሪ ዊልኪንስም ምስክርነቱን ደገፈ። በኋላ ስፍራው በሌሎች ሰዓቶች ሲመረመር ድልድይ እንዳልነበረ ታወቀ፤ ዝቅ ያለች ፀሐይ በሁለት ኮረብታዎች መካከል የጣለችው ጥላና ብርሃን የፈጠሩት መልክ ነበር።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ደረሰ። ኦክቶበር 7 ቀን 1959 የሶቪየት ኅብረት መንኮራኩር ሉና 3 ከምድር የማይታየውን የጨረቃ ጀርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ። ይህ በሰው ልጅ ታሪክ ታላቅ ድል መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ፎቶግራፉ ሲነሣ ፀሐይ ከመንኮራኩሩ በስተኋላ ስለ ነበረች ምስሎቹ ጥላ የለሽ ነበሩ። የምስሎቹ ተርጓሚዎች በገጹ ላይ የተዘረጋውን ረጅም ነጭ መስመር የተራራ ሰንሰለት መስሏቸው የሶቪየት ተራሮች ብለው ሰየሙት። ተከታይ መንኮራኩሮች በተሻለ ብርሃን ሲያነሡት ተራሮቹ ጠፉ፤ ነጩ መስመር ጆርዳኖ ብሩኖ ከተባለው ጉድጓድ የተረጨ ፍርስራሽ ሆኖ ተገኘ። ስሙም ከካርታ ተሰረዘ። ዝቅተኛ ብርሃን የሌለ ድልድይ ሠርቶ ነበር፤ ከፍተኛ ብርሃን ደግሞ የሌሉ ተራሮችን ሠራ።

ብርሃን የወሰነው የማረፊያ ቀን

በ1960 ጄራርድ ካይፐር በታላላቅ የክዋክብት መመልከቻ ጣቢያዎች የተነሡ ምርጥ ምስሎችን ሰብስቦ ያሳተመው የጨረቃ ፎቶግራፍ አትላስ የፒከሪንግን አሳብ በላቀ ጥራት አነቃቃው። እያንዳንዱ ክልል በተለያዩ የፀሐይ ከፍታዎች ተደጋግሞ ቀረበ። ካይፐርና ባልደረቦቹ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ከዚህ አልፈው ምስሎቹን በነጭ ሉል ላይ በፕሮጀክተር እያሳረፉ ከጎን ፎቶግራፍ አነሡ፤ በጨረቃ ጠርዝ ላይ ተጨፍልቀው የሚታዩት ስፍራዎችም እውነተኛ ቅርጻቸውን አገኙ። በ1962 ካይፐርና ተማሪው ዊልያም ሃርትማን ኦሪየንታሌ የተባለውን፣ 930 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውንና በቀለበት ተራሮች የተከበበውን ታላቅ ተፋሰስ ለዓለም ያስተዋወቁት በዚህ ዘዴ ነበር። ተራሮቹን ለየብቻቸው ተመልካቾች ከዚያ በፊት አይተዋቸዋል፤ አንድ ክብ መሆናቸውን ግን ያስተዋለ አልነበረም።

ሰዎችን በጨረቃ ላይ የማሳረፍ ዕቅድ ሲወጣ የብርሃን ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ሆነ። አብራሪው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይወርዳል። ፀሐይ ከአወራረዱ ማዕዘን ጋር በተስተካከለች ጊዜ እያንዳንዱ ቋጥኝ ጥላውን ከራሱ በስተኋላ ይሸሽጋል፤ ገጹም አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ዓይንን ያደነግዛል። ፀሐይ እጅግ ዝቅ ካለች ደግሞ ጥላው ሜዳውን ሁሉ ይሸፍናል። ስለዚህ በማረፊያው ሰዓት የፀሐይ ከፍታ ከ5 እስከ 14 ዲግሪ ያህል እንዲሆን ተወሰነ። ፀሐይ በቀን 12 ዲግሪ ከፍ የምትል በመሆኗ ለአንድ ማረፊያ በወር ውስጥ የሚመቸው ጊዜ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። ጉዞው ቢዘገይ ጠዋቱ ገና ወደሚደርስበት፣ በምዕራብ በኩል ወዳለ ሌላ ስፍራ መሄድ ግድ ነበር። የአፖሎ 11 መነሻ ጁላይ 16 ቀን 1969 የሆነበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው ነው። ከአራት ቀን በኋላ ኒል አርምስትሮንግ ፀሐይ 11 ዲግሪ ያህል ከፍ ባለችበት ሰዓት ቋጥኝ የሞላበትን ጉድጓድ በዓይኑ ለይቶ አልፎት ሄደና ደልዳላ ስፍራ ላይ አረፈ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር አፖሎ 12 ፀሐይ 5 ዲግሪ ያህል ላይ ሳለች፣ በ1967 ካረፈው ሰርቬየር 3 ከተባለው መሣሪያ 160 ሜትር ያህል ርቆ አረፈ። ያንን ትንሽ መሣሪያ በሰፊው ሜዳ ላይ የት እንዳለ ለይቶ ያመለከተው ከካይፐር ጋር በአትላሱ የሠራው ዩዌን ዊተከር ነበር። መሣሪያው ከመሬት ደረጃ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከምህዋር ከተነሡት ጋር እያስተያየ፣ በተለያየ ብርሃንና አቅጣጫ የታዩትን ጉድጓዶችና ቋጥኞች አንድ በአንድ አዛመዳቸው። ሲሥሉና ሲያነጻጽሩ ከኖሩት ሰዎች የተወረሰው ልምድ ትርፉ በዚህ ታየ።

ፀሐይ የማይገባበት ስፍራ

ከ2009 ጀምሮ ጨረቃን የሚዞረው የአሜሪካ መንኮራኩር ሉናር ሪኮነሰንስ ኦርቢተር ያንኑ ስፍራ ለዓመታት በልዩ ልዩ የፀሐይ ከፍታ ሲያነሣ ቆይቷል። ጠባቡ ካሜራው በ1 ሜትር የሚለካን ነገር ለይቶ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ችግሩ የተፈታ ይመስል ነበር። ነገር ግን የመንግሥታትና የኩባንያዎች ትኩረት ወደ ደቡብ ዋልታ ሲዞር አሮጌው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተመለሰ። የጨረቃ ዛቢያ ያዘነበለው 1.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ በዋልታው ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ሳትርቅ ትዞራለች። በዚያ ቀትር የለም፤ ያለው የማያልቅ ጠዋትና ማታ ነው። ውኃ በበረዶ መልክ ይገኝባቸዋል ተብለው የሚጠበቁት ጥልቅ ጉድጓዶች ደግሞ ፀሐይን ከቶ አያዩም። በ2022 የተወነጨፈው የኮሪያ መንኮራኩር ዳኑሪ ሻዶካም የተባለ ካሜራ የያዘው ለእነዚህ ስፍራዎች ነው። ካሜራው ከአሜሪካው ጠባብ ካሜራ 200 እጥፍ ያህል ለብርሃን ንቁ ስለሆነ፣ ከጉድጓዱ ግድግዳና ከአካባቢው ተራሮች በተንጸባረቀ ደካማ ብርሃን ብቻ ምስል ያነሣል። ፀሐይ የነፈገችውን ምስክርነት ከተራራው ነጸብራቅ ተበደረ ማለት ነው።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አለመሆኑን በ2025 የደረሰ ሁኔታ አሳይቷል። በማርች ወር አቴና የተባለችው ሰው አልባ መሣሪያ በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ስታርፍ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ በጎኗ ወደቀች። የላካት ኩባንያ ኢንቱይቲቭ ማሽንስ ከከፍታ መለኪያው ጉድለት በተጨማሪ የዋልታው ረጃጅም ጥላዎችና ደካማ ብርሃን የማረፊያ ሥርዓቷን እንዳስቸገሩ፣ ጉድጓዶቹም በቅርብ ሲታዩ ከምህዋር ከተነሡት ምስሎች የተለየ መልክ እንደ ነበራቸው ገለጸ። ሽሚት በአቴና ከተማ የገጠመው ጥያቄ ከ159 ዓመት በኋላ የከተማይቱን ስም የያዘችውን መሣሪያ በዋልታው ገጠማት።

ከዚህ ረጅም ጉዞ የሚገኘው ትምህርት ከጨረቃም አልፎ ፎቶግራፍን ለማስረጃ ለሚጠቀም ባለሙያ ሁሉ ይሆናል። ካሜራ በመዘገበው ነገር አይዋሽም፤ የሚሳሳተው የአንዱን ሰዓት መልክ የነገሩ ሙሉ መልክ አድርጎ የሚወስደው ተርጓሚ ነው። ሽሚት፣ ፒከሪንግና የሉና 3 ምስሎች ተርጓሚዎች ከሙያቸው ማነስ የተነሣ አልተሳሳቱም፤ በእጃቸው የነበረው ምስክር ጥቂት ስለ ነበር ወይም ምስክሮቹን በሚገባ ሳያመዛዝኑ ስለ ፈረዱ ነው። ስለዚህ ምስል ሲቀርብ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ፀሐይ በየት በኩልና በምን ያህል ከፍታ ሳለች ተነሣ የሚለው ነው። ቀጥሎም ያው ስፍራ በሌላ ሰዓት ምን እንደሚመስል መታየት አለበት።